ወገብ ብዬ የተረጎምኩት ሕመምሽ

የቤተልሔም እናት፣ አማረችዬ፤

ሳሮ። በቋንቋችን ሰላም ካልኩሽ በኋላ ሌላ ሰላምታ አላበዛም፤ ዙሪያውን ከዞርኩ እንደ ልማዴ አመልጣለሁ። በዚያ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ አቀርቅሮ ሲጽፍ ክንዴን ነካ አድርገሽ «ሁሉንም ነገርከው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ሁሉንም ነግሬዋለሁ» አልኩሽ። አልነገርኩትም። አንቺ ያልሽውን ትቼ ከራሴ ፈጥሬ ነው የነገርኩት። ሦስት ጊዜ ሄድን፤ ሦስቱንም ጊዜ ጠየቅሽኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ መለስኩልሽ።

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ገብቷል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በጸሎት እንኳ ስናገር «በደሌን ይቅር በል» እላለሁ እንጂ በደሉ ይህ ነው ብዬ ጠርቼው አላውቅም። እግዚአብሔር ያውቀዋል ብዬ። እሱስ ያውቀዋል፤ ያላወቁት ሰዎች ናቸው። ነገ በሰዎች ፊት መናገር አለብኝ፤ ለዚህ ነው ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት። ተቀመጥኩ ልበል እንጂ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። አንዴ ጊደሯን ላስር፣ አንዴ አጥሩን ላየው፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፤ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ለምን በአማርኛ እንደምጽፍልሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። ለአንቺ አማርኛ ቅቤ የምትሸጪበት የገበያ ቋንቋ ነበር። እኔም ብሆን ያቺን ስምንተኛ ክፍሌን የተማርኩት በእሱ ስለሆነ መጻፍ የሚቀለኝ በእሱ ነው። ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ሕመምሽን የደበቅሁት በአማርኛ ነው፤ መጀመሪያ በዚያው ቋንቋ ላውጣው።

ቤቱ አለ። እንሰቶቹ ጎልምሰዋል፤ በጓሮ በኩል የተከልሻቸው ሁለቱ ከጣሪያው አልፈዋል። ቦይናውን፣ ጎደሬሽን፣ አሁን የምትቆፍረው ቤተልሔም ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ያንን ሰማያዊ ሹራብሽን ለብሳ ከኋላ ሳያት አንዳንዴ ልጠራሽ እደርሳለሁ። የስፌት መኪናዬ አሁንም ከድር ሱቅ በረንዳ ላይ ናት። ከድር ያው ከድር ነው፤ ከስልጤ አባቱ የወረሰውን ሱቅ ሳይሆን ጨዋታውን ነው ያሰፋው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ትስቂያለሽ። አንቺ በሄድሽ ሰሞን ቤተልሔም ሞዴስ የሚገዛላት አጣች። አጠያየቋ ራሱ ያሳዝን ነበር፤ «አባዬ፣ የእማዬ ዕቃ አልቋል» አለችኝ። ከድር ሱቅ ገባሁ። ሁለት ሴቶች ቆመው ስለነበር ሳሙና ገዛሁ። አልሄዱም፤ ክብሪት ገዛሁ። አሁንም አልሄዱም፤ ሻማ ገዛሁ። በመጨረሻ ከድር ሳያየኝ ከመደርደሪያው አውርዶ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝና «ጋሼ፣ አራት ሴት ልጆች አሉኝ። ይሄ እኔ ቤት እንደ ዳቦ ነው። በሚቀጥለው ሻማውን ተወው፣ መብራት አለ» አለኝ። አፈርኩ። ግን ያን ቀን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ተንቀሳቀሰ፤ ሞዴስ ለመግዛት ሻማ የሚገዛ ሰው ሐኪም ፊት ምን ሊል ይችላል?

አሁን ወደ ጨርቁ ልመለስ። ታስታውሺዋለሽ። ከመኪናዬ ሥር ባለው ማዳበሪያ ውስጥ የጥጥ ቁርጥራጭ አጠራቅም ነበር። አንቺ በየወሩ አንድ እፍኝ ትወስጃለሽ፤ ለምን እንደሆነ አንጠያየቅም። እኔም ቀኑ ሲቃረብ ለስላሳውንና ነጩን ከላይ አደርግልሽ ነበር። አንድም ቀን አመስግነሽኝ አታውቂም፣ እኔም ይኸው ብዬሽ አላውቅም። ከአንቺ ጋር ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ ምናልባት ያ ዝምታ ሳይበልጥ አይቀርም።

በዚያ ዓመት ግን ማዳበሪያው በወሩ መሃል መጉደል ጀመረ። እፍኝ የነበረው ክንድ ሙሉ ሆነ። እኔ ደግሞ ጨርቁን ትራስ ለሚያሠሩኝ እፈልገዋለሁ። «ይህን ሁሉ ጨርቅ ምን ታደርጊዋለሽ?» ብዬ አጉረመረምኩ። ከገበያ ገብተሽ የቅቤውን ቅል እያጠብሽ ነበር። እጅሽን ሳታነሺ፣ ፊትሽን ሳታዞሪ ነገርሽኝ። ጊዜዬ አይደለም፤ መሃል ላይ ነው የሚመጣው፤ ፈሳሽ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ ይመስል ነበር፣ አሁን ግን ሥጋ የታጠበበት ውሃ ይመስላል፤ ይሸታል፤ አብረን ስናድር ደግሞ በማግስቱ ደም ይነካካኛል አልሽኝ።

አማረች፣ ሐኪም የሚፈልገውን ሁሉ ተናግረሽ ነበር። ማንም ሳያስተምርሽ፣ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።

እኔ «ይተውሻል» አልኩሽ። አልተወሽም። ከዚያ ነው ክሊኒክ የሄድነው።

ሰው ሁሉ እኔን የሚያውቀኝ በምን ነው? በልብስ ስፌት አይደለም፤ ከእኔ የተሻሉ ሰፊዎች አሉ። የሚያውቁኝ በተርጓሚነት ነው። ከሌላ አገር ሰባኪ ሲመጣ በአማርኛ ይሰብካል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ በወላይትኛ አስተላልፋለሁ። «ቃል አይጥልም» ይሉኛል። አንድ እንግዳ ሰባኪ ስለ ሚስቱ ምጥ ሲመሰክር ታስታውሺያለሽ? ሁለት ቀን ስላማጠችው፣ ስለ ደሙ፣ ስላልወጣው የእንግዴ ልጅ ተናገረ። ሁሉንም ተረጎምኩት፤ አንዲት ጠብታ አልጣልኩም፤ ምእመኑ እስኪያለቅስ ድረስ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የሰው ሚስት ነበረቻ።

ክሊኒኩ ውስጥ ግን በሩ ክፍት ነበር፤ መጋረጃ ብቻ ነው የነበረው። ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር ላይ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ካርድ ይዞ ተቀምጧል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከሰሜን በኩል የመጣ፣ ቋንቋችንን የማያውቅ። «ምን ይሰማታል?» አለኝ። አንቺ ያንን ሁሉ፣ የሥጋውን ውሃ ሳይቀር፣ እንደገና በወላይትኛ ተናገርሽ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ወገቧን ያማታል፤ ደከም ደከም ይላታል» አልኩት።

ረጅም ነገር ተናግረሽ እኔ ያን ታህል ስመልስ ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄን ብቻ ነው ያለችው?» አለ። «አዎ፣ ቋንቋችን ረዘም ይላል» አልኩት። አማረች፣ ቋንቋችንንም ዋሸሁበት።

የሕመም ማስታገሻ ሰጠሽ። ሽንት አየ። በሁለተኛው ጊዜ የሚቀባ ነገር ጨመረልሽ፤ ወገብሽን ማታ ማታ እኔ ራሴ እቀባሽ ነበር። አንቺም ጀርባሽን ሰጥተሽ ዝም ትይ ነበር። ያ ዝምታሽ ምን እንደነበር ያኔ አላወቅሁም። በቤተ ክርስቲያንም የጸሎት ርዕስ ተጽፎ ሲሰጥ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ስለ እህት አማረች ወገብ»። ስምንት ወር ሙሉ ስለ ወገብሽ ተጸለየ። ሽማግሌዎች ቤታችን ድረስ መጥተው ስለ ወገብሽ ጾመዋል። እግዚአብሔር ያልታመመውን ወገብሽን ጠበቀልሽ፤ ወገብሽስ እስከ መጨረሻው ደህና ነበር።

ከዚያ ደሙ በአንድ ጊዜ ፈሰሰ፤ ሆስፒታል ገባን። እዚያ ያገኘችን ሐኪም የእኛው ልጅ ነበረች፤ በወላይትኛ ጠየቀችሽ። እኔ አላስፈለግሁም። ነገርሻት። እሷም ወደ እኔ ዞራ «ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆነው?» አለችኝ። «አሁን በቅርቡ ነው» አልኩ። አንቺ አየሽኝ። ያቺን አስተያየት ነው ይዤ የምዞረው፤ ቁጣ አልነበረባትም። የማህፀን በር ካንሰር ነው፣ ርቆ ሄዷል አሉን። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጻፉልን፤ ተራ ተያዘልን፤ አንቺ ግን ተራውን አልጠበቅሽውም።

ለምን እንደዚያ አደረግሁ? ሁለት ዓመት ራሴን ጠይቄዋለሁ። መጀመሪያ «አፍሬ ነው» እላለሁ። ይህ እውነት ነው፤ ግን የላይኛው እውነት ነው። ከሥሩ ሌላ አለ። ሳላገባሽ በፊት ወደ ቆላ ወርጄ የእርሻ ሥራ ስሠራ አንድ ሕመም ይዞኝ በመርፌ ድኛለሁ። ነግሬሽ አላውቅም። ሐኪሙ ፈሳሽ የሚለውን ቃል ከሰማ ወደ እኔ ይዞራል፣ ከእኔ ነው ይላል ብዬ ፈራሁ። ከዚህም ሥር ደግሞ የከፋ አለ፤ መጻፉ ከበደኝ፣ አሁንም ልነሣ ነበር፣ ግን አልነሣም። አንድ ሳምንት ያህል አንቺን ጠረጠርኩ። ገበያ ውላ የምትመጣው ከማን ጋር ነው ብዬ። አንቺን፣ የቅቤ ቅል ተሸክመሽ ላብሽ እየተንጠባጠበ የምትመጪውን። ከራሴ ነው ብዬ ከመፍራት ከአንቺ ነው ብሎ መጠርጠር ይቀል ነበር። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ ይህን ማወቅ አለብሽ።

ይህ ሁሉ እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር፤ እህትሽ ባሎቴ ባትመጣ ኖሮ።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ማለዳ ከቆላው ከሁምቦ ወደ እኛ ወደ ሶዶ ወጣች። ፌስታል ሙሉ ማንጎ ይዛለች፤ እንደ ልማዷ «እናንተ በዚህ ብርድ እንዴት ትኖራላችሁ» እያለች ገባች። ማንጎውን ለቤተልሔም ሰጥታ ወደ ጓሮ ላከቻትና ፊት ለፊቴ ቆመች። ጤና ጣቢያ ትወስደኛለህ አለችኝ። አዲሷ ሲስተር ጎበዝ ናት ይላሉ፣ ግን ወላይትኛ አትችልም፣ አንተ ትተረጉምልኛለህ አለች። ምን ሆነሽ ብዬ ከመጠየቄ በፊት «የቤተልሔም አባት፣ ወገቤ ደህና ነው» አለችኝ። «አስቀድሜ ልንገርህ። ወገቤን አያመኝም። ወገብ የሚል ቃል ከአፍህ ቢወጣ እዚያው ሰው ፊት አዋርድሃለሁ።»



አንቺ ነግረሻት ነበር። ወገብ የሚለውን ቃል ታውቂው ኖሯል። እንዴት አታውቂውም፤ ሃያ ዓመት በገበያ ከሸክም ሠራተኞች ጋር ስትውዪ፣ እያንዳንዱ «ወገቤን፣ ወገቤን» ሲል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰምተሽኛል። ታዲያ «ሁሉንም ነገርከው?» ብለሽ የጠየቅሽኝ ለማወቅ አልነበረም። በር ልትከፍችልኝ ነበር። ሦስት ጊዜ።

ባሎቴን «ታዲያ አማረች ለምን ራሷ አልተናገረችም?» አልኳት። እሷ «እኔም ብያታለሁ» አለች። «በገበያ አማርኛሽም ቢሆን ተናገሪ አልኳት። እሷ ግን ሐኪሙ ፊት ውሸታም ከማደርገው ይቆይ፣ በምእመን ፊት የሚቆም ሰው ነው፣ ራሱ ይናገራል፣ ጊዜ ስጡት አለችኝ። እኔ እሷ አይደለሁም። እኔ ጊዜ የለኝም።»

በባጃጅ ሄድን። ሲስተሯ በሩን ዘጋች፤ እኔን ከመጋረጃ ወዲህ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ እንድቀመጥ አደረገችኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የክትባት ሥዕል ነበር፤ እሱን እያየሁ ተረጎምኩ። ባሎቴ አንድ አንዱን ትናገራለች፣ ቆም ብላ ትጠብቀኛለች። «ከወር አበባዋ ውጭ ፈሳሽ ይመጣባታል» አልኩ። አልሞትኩም። «ቢጫ ነው፣ ይሸታል» አልኩ። «ከባሏ ጋር ከሆነች በኋላ ደም ታያለች» አልኩ። አልኩት፣ አማረች። ጣሪያው አልወደቀም። አንቺን ሊያተርፍሽ ይችል የነበረው ቃል ያን ያህል አጭር ነበር።

ሲስተሯ ከመመርመሯ በፊት ብዙ አስረዳቻት፤ እኔም አንዱንም ሳልጥል አስተላለፍኩ። ፈሳሽ ሁሉ በሽታ አይደለም አለች። በሁለት የወር አበባ መሃል እንደ እንቁላል ነጭ የሚሳብ፣ ጥርት ያለ ቢመጣ የሰውነት ሥራ ነው፤ ነጣ ብሎ ሽታና ማሳከክ ከሌለው አያስፈራም። እንደ አይብ ሆኖ ካሳከከ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ የዓሣ ዓይነት ሽታ ካለው ግን መታየት አለበት፤ አብዛኛው በመድኃኒት ይድናል። በሳሙናና በቅጠል ወደ ውስጥ መታጠብ ይጎዳል እንጂ አያጠራም። ቡናማ ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ፣ ከግንኙነት በኋላ ደም ከታየ፣ ወይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ ከመጣ፣ ነገ አይባልም። ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ደግሞ ምንም ባያማት የማህፀን በሯን ትታይ አለች።

ሥጋ የታጠበበት ውሃ የሚመስልስ? ብዬ ጠየቅሁ። ባሎቴ ያላለችው ነው፤ የራሴ ጥያቄ ነው። ሲስተሯ ከመጋረጃው ወዲያ «ማን ነው እንደዚያ ያየው፣ ጋሼ?» አለችኝ። «ባለቤቴ ነበረች» አልኳት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ቀስ ብላ፣ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ ወንድም ሴትም ሳያውቁ ዓመታት ይዘውት ይኖራሉ፣ ማን ለማን እንደሰጠ ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ ስለዚህ ጥፋተኛ አይፈለግበትም አለች። ይህን ለባሎቴ ተረጎምኩላት። ባሎቴ ግን አላስፈለጋትም ነበር፤ ለእኔ ነው የተነገረው።

ባሎቴ ደግሞ ባሎቴ ናትና «እሺ፣ ሴቷ እዚህ አልጋ ላይ እግሯን ትሰቅላለች። ወንዶቹስ ምን ይደረጋሉ? በላት» አለችኝ። እንዳለችው አልኳት። ሲስተሯ ሳቀች። ወንዶቹም የፈሳሹን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ባልሽ ካልዋጠ በሽታው ተመልሶ ይመጣብሻል አለች።

እኔን አስወጥታ አየቻት። በአቼቶ ስትነካው የማህፀን በሯ ላይ ትንሽ ነጭ ቦታ ታየ። ካንሰር አልሆነም፣ ከመሆኑ በፊት የደረስንበት ነው፤ መጀመሪያ ኢንፌክሽኑ ይዳን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከባልሽ ጋር ነይ አለቻት። ለባሏ የደወልኩለት እኔ ነኝ። «ሚስቴ ታማ እኔ ኪኒን ልዋጥ?» አለኝ። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ። አሁን ሚስት የለኝም» አልኩት። «ለሶዶ መኪናው ስንት ሰዓት ይነሣል?» አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንን ነጭ ቦታ በሙቀት አከመችላት። ውጭ ወንበር ላይ ከባሏ ጋር ጠበቅን። የአንድ ሱሪ ጠርዝ አጥፌ የምሰፋበትን ያህል ጊዜ ነው የፈጀው። ወጣች። «አለቀ?» አላት ባሏ። «አለቀ፤ ለዓመት ተመልሰሽ ታዪ ብላኛለች። ራበኝ» አለች። እነሱ የሚያቃጥለው ዳጣ በዛ ያለበት ነገር ሊበሉ ሄዱ። እኔ አልበላሁም። የሱሪ ጠርዝ፣ አማረች። እየተመላለስኩ የማስበው እሱን ነው።

ያን ቀን ሲስተሯ በር ላይ አቆመችኝ። እርስዎ ቃል አይጥሉም፣ እዚህ የሚመጡ ብዙ ባሎች ግን ይጥላሉ፤ ሴቲቱ ብዙ ትናገራለች፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ሆዷን ወይም ወገቧን ነው አለችኝ። በየቤተ ክርስቲያኑ አሥር አሥር ደቂቃ ብትሰጡኝ እናገር ነበር፣ የሚተረጉምልኝ ግን የለም አለች። ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። እጠይቃለሁ አልኳት።

ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። አንደኛው በትሕትና «ወንድማችን፣ ለሴቶች ኅብረት ቢሆን አይሻልም? ሴት ትተርጉምላቸው» አሉ። ቅልል አለኝ፤ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ሌላኛው ደግሞ ጨዋታ ይወዳሉ፤ «አንተ ቃል አትጥልም፤ ይህን ግን ብትጥለው ይሻላል» አሉና ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ያቺ የሆስፒታሉ አስተያየትሽ መጣችብኝ። «ክሊኒክ ውስጥ ለሚስቶቻችን የምንተረጉመው እኛ ወንዶቹ ነን፤ ቃሉን የምንጥለውም እኛ ነን። መስማት ያለብን እኛ ነን» አልኳቸው። ከአምልኮ በኋላ አሥር ደቂቃ ፈቀዱ። ነገ ነው።

ለእነሱ የራሴን ነገር አልነገርኳቸውም። ነገም ሲስተሯ ያለችውን ብቻ ተርጉሜ መውረድ እችላለሁ፤ ማንም አያውቅም። ጉሮሮዬን አሞኛል ብል እንኳ ማንም አይጠይቀኝም። ከጠዋት ጀምሮ ሳላስበው ጉሮሮዬን ሳሻሽ ይታወቀኛል። እዚህ ላይ ላቁም፤ ቤተልሔም ከጓሮ እየገባች ነው። ሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት እሷ መስማት አለባት።

እሑድ፣ ከምሳ በኋላ።

ነገርኳት። ቦይና እየላጠች ነበር፤ ቢላዋው ቆመ። ሁሉንም ስጨርስ «እማዬ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። ታውቅ ነበር አልኳት። «እኔ ግን አላውቅም ነበር» አለች። ተነሥታ ቦይናውን እሳት ላይ ጣደች። ጠዋት ሹራብሽን ለብሳ ቀድማኝ ወጣች። ስደርስ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች፤ አንቺ ትቀመጪበት በነበረው በኩል። ባሎቴም ባሏን ይዛ ከሁምቦ መጥታለች።

ሲስተሯ ጀመረች፤ እኔም ጀመርኩ። ፈሳሽ የሚለውን ቃል በቋንቋችን ከመድረክ ስናገር ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፣ ወንዶቹ ጫማቸውን ማየት ያዙ። ከፊት የነበሩ አንዲት አሮጊት ግን የዓሣው ሽታ ላይ ስደርስ ጮክ ብለው «አሜን!» አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አደመጠ። ሁሉንም አስተላለፍኩ። አልጣልኩም።

ሲስተሯ አመስግና ወረደች። እኔ ማይኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም፤ ይህን ሕግ ሃያ ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው ያፈረስኩት፣ ያም በአንቺ ላይ ነው። ዛሬ ደግሞ አፈረስኩት። በወላይትኛ፣ አንቺ በነገርሽኝ ቋንቋ ተናገርኩ። ባለቤቴ አማረች የነገረችኝ ይህ ነበር ብዬ ቃልሽን እንዳለ አስቀመጥኩት፤ ጊዜዋ እንዳልነበረ፣ መሃል ላይ ይመጣ እንደነበረ፣ ሥጋ የታጠበበት ውሃ ይመስል እንደነበረ፣ ደሙንም። እኔ ለሐኪሙ ወገቧን ያማታል አልኩት፤ እናንተንም ስምንት ወር ለወገቧ አስጸለይኳችሁ፤ ወገቧ አልታመመም ነበር አልኩ። በሕይወት እስካለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጤና ጣቢያው በር ላይ እቀመጣለሁ፣ የሚተረጉምላት ያጣች ሴት ብትኖር ያለችውን ብቻ አስተላልፍላታለሁ፣ ቃል ልጥል በቃጣኝ ቁጥር ስሟን እጠራለሁ አልኩ።

ማይኩን አስቀመጥኩ። ቤተልሔም ቀና ብላ እያየችኝ ነበር፤ በዚያ በአንቺ አስተያየት።

ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፣ አማረች። አሁን ሁሉንም።